መርዶ ከባሕር ማዶ

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም ቅዳሜ ማታ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ እያላቸው ወላጆቻቸውን አክብረው እዚህ የተቀመጡ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን መድረክ ያዘጋጁትን አስተባባሪዎች ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ በአገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ንግግሬ ከተራዘመ መምህርነቴን ውቀሱ፤ በሰዓቱ ከጨረስኩ ግን ምስጋናው ለፓርኪንጉ ነው።

ዛሬ የማነሳው ስለ ኖርማንዲ ወረራ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳና የሌሎች አጋሮቻቸው ጦር እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን ጠባብ ባሕር ተሻግሮ ናዚ ጀርመን በያዘው የፈረንሳይ ዳርቻ ላይ ወረደ። ከመካከላችሁ አባቱ ወይም አያቱ አርበኛ የነበረ ሰው ካለ አንድ ነገር በቅንፍ ልንገረው፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሮም በእነዚሁ አጋሮች እጅ ገብታ ነበር። አምስት ዓመት ያቃጠለን የፋሺስት መዲና መውደቋ በዓለም ጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ በወጉ ሳይነበብ ኖርማንዲ ቦታውን ወሰደችው።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ባሕር ለሚዋጋ ሠራዊት ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎ በዕለቱ የተፈጸመውን፣ በመጨረሻም ዋጋውን ማን እንደከፈለና ከፋዩ ወሬውን እንዴት እንደሰማ እናገራለሁ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይረዝማል፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። እኔ ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ባሕር ያየሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ምጽዋ ላይ ነው። ለደገኛ ጦርነት ሲባል የሚታየው ገደሉ፣ ዋሻው፣ ጥሻው ነው፤ ቢሸነፍ እንኳ የሚያፈገፍግበት ሸንተረር አያጣም። በባሕር ላይ ግን ወታደር የት ይሸሸጋል? ጉድጓድ አይቆፍርበት፣ ድንጋይ አይከልለው፣ ወደ ኋላ ቢዞር የሚጠብቀው ውሃ ነው። ከባሕር የሚነሣ አጥቂ ገና ጠላቱን ሳያይ ከማዕበሉ ጋር ይዋጋል፤ ከዚያም ትውከቱን ሳይጠርግ፣ ልብሱ በጨው ውሃ ከብዶ፣ ሠላሳ ኪሎ የሚደርስ ዕቃ ተሸክሞ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ወደሚጠብቀው መትረየስ ይሮጣል።

አጋሮቹ ይህን አያውቁም ነበር ወይ? ያውቁ ነበር፤ በደም ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 በፈረንሳይ ወደብ በዲየፕ ላይ ወደ 6,000 የሚጠጋ ጦር አውርደው ነበር፤ አብዛኛው ካናዳዊ ነበር። በዚያ አንድ ቀን ዘመቻ ከ900 በላይ ካናዳውያን ሞቱ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉት ተማረኩ። ከዚያ የወሰዱት ትምህርት የተመሸገ ወደብን ፊት ለፊት መምታት እንደማያዋጣ ነው። ስለዚህ በኖርማንዲ ወደብ ለመያዝ ከመሞት ይልቅ ወደቡን ራሱን በኮንክሪት ሠርተው፣ ቆራርጠው፣ በባሕር ላይ እየጎተቱ ይዘውት ሄዱ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የቀለድኩ ይመስላቸው ነበር።

የቀኑ አመራረጥም የባሕሩ ፈቃድ ነበር። የጀርመኑ ማርሻል ሮመል በውሃው ውስጥ ፈንጂ የታሰረባቸው ግንዶችና የብረት መሰናክሎች አስተክሎ ስለነበር፣ ጀልባዎቹ መሰናክሉን አይተው እንዲያልፉ ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት መድረስ ነበረባቸው። ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ አሸዋው ይሰፋል፤ አሸዋው በሰፋ ቁጥር እግረኛው ያለ መከለያ የሚሮጥበት ሜዳ ይረዝማል። ጀልባውን ያዳነው ሰዓት ሰውየውን አጋለጠው ማለት ነው። በዚያ ላይ በሌሊት ለሚዘሉት ፓራሹተኞች የጨረቃ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ የሚገጣጠመው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። መጀመሪያ የተቆረጠው ቀን ጁን 5 ነበር፤ ማዕበል ተነሣ። የአየር ጠባይ ትንበያ ኃላፊው ስታግ አጭር ፋታ እንደሚኖር ሲናገር የበላይ አዛዡ ጄኔራል አይዘንሃወር ለማግሥቱ ይሁን አለ። ሮመል በበኩሉ በዚህ ማዕበል ማንም አይመጣም ብሎ ለሚስቱ ልደት ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።

አይዘንሃወር ያን ዕለት ሌላም ነገር አደረገ። ወረራው ቢከሽፍ የሚነበብ አጭር ማስታወሻ በእጁ ጽፎ በቦርሳው ያዘ። ወታደሮቹ ጀግንነት የሚጠይቀውን ሁሉ እንደፈጸሙ፣ ጥፋት ካለ ግን የእሱ የብቻው መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ከጭንቀቱ የተነሣ ይመስለኛል፣ ቀኑን ጁላይ 5 ብሎ ተሳስቶ ነው የጻፈው። ጥፋቱን አስቀድሞ በራሱ ስም የፈረመ አዛዥ በታሪክ ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከመሻገሬ በፊት ወረራው ሳይጀመር ስለሞቱት ልናገር፤ እነሱን የሚያነሣቸው ሰው ጥቂት ነውና። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1944 መጨረሻ አሜሪካኖቹ በደቡብ እንግሊዝ፣ ስላፕተን በሚባል ዳርቻ፣ ዩታ ተብሎ ለተሰየመው የኖርማንዲ ዳርቻ ልምምድ ያደርጉ ነበር። የጀርመን ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች በሌሊት ደርሰው መርከቦቹን መቱ። በአብዛኛው የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 749 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሞቱት በጥይት አልነበረም። የመንሳፈፊያ ቀበቶ ታድሏቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ከብብት ሥር መታሰር የነበረበትን ቀበቶ ወገባቸው ላይ ስላሰሩት፣ ከጀርባቸው ሸክም ጋር ተዳምሮ ገልብጦ ጭንቅላታቸውን ወደ ውሃው ደፈቀው። በሕይወት እንዲያቆያቸው የተሰጣቸው ዕቃ ገደላቸው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ምን እንዳስታወሰኝ ታውቃላችሁ? እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ከምድር በታች ባለ አንድ ፓርኪንግ ሌሊት ስሠራ አለቃዬ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ አሳይቶ፣ ወረቀት ላይ አስፈርሞኝ ሄደ። አንድ ሌሊት ከአንድ መኪና ጭስ ሲወጣ ያን ዕቃ አቅፌ ቆምኩ፤ ፒኑ መነቀል እንዳለበት የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመኪናው ባለቤት መጥቶ ከእጄ ቀማኝ። የእኔ ስሕተት በሣቅ አለፈ። የስላፕተኖቹ ግን ሬሳቸው ተሰብስቦ፣ የተረፉት ምንም እንዳይናገሩ ታዝዘው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ወረራው ቀጠለ። የሚገርማችሁ፣ በዩታ ዳርቻ በዋናው ቀን ከባሕር ከወረዱት መካከል የሞቱትና የቆሰሉት ተደምረው ከ200 አይበልጡም። ልምምዱ ከውጊያው በላይ ገደለ።

ሁለተኛው ነጥቤ ዕለቱ ነው። ወደ 7,000 የሚጠጉ መርከቦችና ጀልባዎች፣ ከ11,000 በላይ አውሮፕላኖች፣ በአንድ ቀን ወደ 156,000 ሰው። አምስት ዳርቻዎች ነበሩ፤ ዩታና ኦማሃ ለአሜሪካኖቹ፣ ጎልድና ሶርድ ለእንግሊዞቹ፣ ጁኖ ለካናዳውያኑ። ስለ አራቱ ብዙ አልናገርም። ኦማሃ ላይ ግን ልቁም።

ኦማሃ ከአሸዋው በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ያለበት፣ ከዳገቱም ላይ የጀርመን ምሽጎች ዳርቻውን በጎን የሚያዩበት ቦታ ነው። ከሰማይ የመጡት ቦምብ ጣዮች ደመና ስለጋረዳቸው፣ የገዛ ወገናቸውን እንዳይመቱ ሰከንዶች ዘግይተው ጣሉት፤ ቦምቡም ምሽጎቹን አልፎ የገበሬ ማሳ ላይ ወደቀ። በሸራ ተከልለው እንዲንሳፈፉ የተዘጋጁ ታንኮች ነበሩ፤ ከአንዱ ሻለቃ 29 ታንኮች ከዳርቻው ርቀው ወደ ውሃ ተለቀቁ፣ ማዕበሉ 27ቱን ዋጣቸው። ስለዚህ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች መዝጊያቸውን ሲያወርዱ እግረኛው የተጋፈጠው ያልተነካ መትረየስ ነው። ከእነዚያ መካከል የ29ኛው ክፍለ ጦር፣ የ116ኛው እግረኛ ሬጅመንት አንድ ሻምበል ጦር ነበር። ይህን ሻምበል በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዳርቻ ላይ ስለነበረ አንድ ሰው ደግሞ ልንገራችሁ፤ ዋቨርሊ ውድሰን ይባላል። የአሜሪካ ጦር ያን ጊዜ ጥቁርን ከነጭ ለይቶ የሚያዘምት ጦር ነበር። ውድሰን ለጠላት አውሮፕላን መሰናክል የሚሆኑ ትልልቅ ፊኛዎችን የሚያወጣ የጥቁሮች ሻለቃ የሕክምና ባለሙያ ነበር። ጀልባው ተመትቶ እሱም ቆስሎ ወረደ፤ ቁስሉን አስሮ ለ30 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት 200 የሚሆኑ ቁስለኞችን አከመ። ሲያክም ቆዳቸውን አልጠየቀም፤ እነሱም የዚያን ቀን የእሱን አልጠየቁም። ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2005 አረፈ። ከአገሩ የጀግንነት ሜዳዮች በደረጃ ሁለተኛ የሆነው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከመካከላችን በቤተስዳ መንገድ ላይ አልፎት የሄደ ሰው አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ደረስኩ። ዋጋውን ማን ከፈለ?

ሰዎች ሲጠይቁ ቁጥር ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ይኸው ነው፤ ስም በስም ተጣርቶ በዚያች አንድ ቀን ከአጋሮቹ ወገን ብቻ 4,414 ሰው መሞቱ ተረጋግጧል፤ ከእነዚህ 2,501 አሜሪካውያን ናቸው። ነገር ግን ጁን 6 የመጀመሪያው ቀን እንጂ መጨረሻው አልነበረም። ውጊያው እስከ ኦገስት መጨረሻ ሲቀጥል ከአጋሮቹ ከ200,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ደብዛው ጠፋ። በጀርመን በኩልስ? ላ ካምብ በሚባለው መቃብር ብቻ ከ21,000 በላይ ጀርመናውያን ተቀብረዋል። የጀርመን ልብስ ለብሰው ከተሰለፉት መካከል ደግሞ ከጆርጂያና ከመካከለኛው እስያ ተማርከው የመጡ፣ ጦርነቱ የእነሱ ያልሆነ ሰዎች ነበሩበት። ለእነሱ ማን አለቀሰ?

የአገሩ ሰውስ? ነፃ ሊወጣ የሚጠብቀው የኖርማንዲ ነዋሪ? በዚያ ውጊያ ወደ 20,000 የሚጠጉ ፈረንሳውያን ሲቪሎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የሞቱት ነፃ ሊያወጣቸው በመጣው ወገን ቦምብ ነው። የጀርመን ማጠናከሪያ በመንገድ እንዳያልፍ ተብሎ የካን፣ የሳን ሎና የሊዚዩ ከተሞች መንገድ በፍርስራሽ እንዲዘጋ ተደረገ። ልቀቁ የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን ተበትኖ ነበር፤ ብዙው ነፋስ ወስዶት ሜዳ ላይ ቀረ።

ካንን በመጀመሪያው ቀን ለመያዝ ነበር የታቀደው። ሙሉ በሙሉ ለመያዝ ከስድስት ሳምንት በላይ ወሰደ። ሕዝቡ የት ገባ? ከፊሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ባሉ የድንጋይ ማውጫ ዋሻዎች፣ በሺህ የሚቆጠረው ደግሞ በታላቁ ገዳምና በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠለለ። እኛ ይህን ለማሰብ አይቸግረንም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሮጥ የእናቶቻችን ነው። ነገር ግን በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማን መቃብር እንዳለ ልንገራችሁ፤ የዊልያም ድል አድራጊው መቃብር ነው። ዊልያም ማለት እ.ኤ.አ. በ1066 ከዚያው ከኖርማንዲ ተነሥቶ፣ ያንኑ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን የወረረው መስፍን ነው። ከ878 ዓመት በኋላ ወረራው በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ፤ የካን ሴቶችም ከልጆቻቸው ጋር በወራሪው መቃብር አጠገብ ገለባ አንጥፈው ተኙ። እንግሊዞቹም ይህን ታሪክ አልረሱም። በባዩ ከተማ ባቆሙት የሙታን መታሰቢያ ላይ፣ እኛ በዊልያም የተሸነፍን ሰዎች የአሸናፊውን አገር ነፃ አወጣን የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ቀርጸዋል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ስድስት ሳምንት የከረመች እናት ብታነበው ምን እንደምትል ግን አላውቅም።

አሁን ወደዚያች ሻምበል ልመለስ። ከዚህ አዳራሽ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ብትነዱ በተራራ ሥር ቤድፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ 3,200 ያህል ነዋሪ ነበራት። ልጆቿ ከጦርነቱ በፊት የኪስ ገንዘብም ለማግኘት፣ ዩኒፎርሙም አምሮባቸው በአገሩ ብሔራዊ ዘብ ተመዝግበው ስለነበር፣ ከ30 በላይ የሚሆኑት በአንድ ሻምበል ተሰልፈው ኦማሃ ደረሱ። ከተማዋ እንደምትቆጥረው በዚያች ጧት 19 ሞቱባት። በዚያ ሻምበል ውስጥ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት አንደኛው ለስንብት እጁን ሲዘረጋ ሌላኛው እንቢ አለ፤ ዳገቱ ላይ ካለው መስቀለኛ መንገድ ስንገናኝ እጨብጥሃለሁ አለው። እንቢ ያለው ሰውዬ ጀልባው ከዳርቻው ሳይደርስ ሰጠመች፤ ከባሕር አወጡት፣ ወደ እንግሊዝም መለሱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኖርማንዲ ሲደርስ የወንድሙን ስም ያገኘው በጊዜያዊ መቃብር ላይ ነበር።

በቤድፎርድ ግን ማንም ምንም አያውቅም ነበር። ጋዜጣው ወረራውን ጽፏል፣ ደወል ተደውሏል፣ ጸሎት ተደርጓል፤ ደብዳቤ ግን ቆሟል። ጁላይ 17፣ በእኛ ሐምሌ 10፣ ሰኞ ጧት፣ በከተማዋ መካከል ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ የነበረው የቴሌግራም ማሽን መጻፍ ጀመረ፤ አንዱን ጨርሶ አላቆመም፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተከተለ። በዚያን ዕለት ዘጠኝ ደረሱ። ቀኑን ቁጠሩት፤ ከጁን 6 እስከ ጁላይ 17 አርባ አንድ ቀን ነው። በእኛ ወግ ቢሆን ኖሮ አርባቸው ወጥቷል። ልጆቹ አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው መርዷቸው የመጣው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ቤት ልናገር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ታናሽ ወንድሜ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። አራተኛው አልመጣም። ሄጄ ያልጠየቅሁት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ በአንዱ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው መዝገብ ገልብጦ ስሙ ከሞቱትም ከቆሰሉትም ውስጥ የለም ሲለኝ፣ ያንን እንደ ምሥራች ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። በኋላ ቤት ስንቀይር እናቴ አዲሱን አድራሻ በአራት ወረቀት አስጻፈችኝ፤ አንዱን ለድሮ ጎረቤታችን፣ አንዱን ለቀበሌው ዘበኛ፣ አንዱን ለባለሱቁ፣ አንዱን ለደብሩ ዲያቆን ሰጠች። እርሟን ያወጣችው ሰባት ዓመት ቆይታ ነው፤ ያውም አብሮት የነበረ ልጅ ከንስሐ አባቷ ጋር መጥቶ ስለነገራት ነው።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ወጣቶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ። ወሬው አስቀድሞ ለቅርብ ሰዎች ይነገራል፣ ሰው ከሞተባት ሴት ግን ይደበቃል። ሽማግሌና የንስሐ አባት ይመረጣል። ጎረቤቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በዝምታ ደጇ ይሰበሰባሉ። በሩ ሲከፈት ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ታውቀዋለች። ጩኸቷ ሲወጣ የሚይዟት እጆች ደርሰዋል። ጭካኔ የሚመስለው ድብብቆሽ ሰውን ብቻውን ላለመተው የተሠራ ነው።

የቤድፎርዷ የቴሌግራም ሠራተኛ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። ወረቀቶቹን በፖስተኛ ልጅ እጅ አልሰደደችም። በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ዞር ብላ አይታ፣ የከተማውን ሸሪፍ፣ ቀብር አስፈጻሚውን፣ የታክሲ ነጂውን ለመነች፤ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ለየቤቱ እንዲያደርስ አደረገች። ማንም ሳያስተምራት መርዶ ነጋሪ መረጠች ማለት ነው።

በዚያች ከተማ ሁለት ወንድ ልጆቿን በአንድ ጧት ያጣች አንዲት ገበሬ እናት ነበረች። የአንደኛው መርዶ በደረሰ በማግሥቱ የሁለተኛው መጣ። የአንዱ ሬሳ ተገኝቶ ተቀበረ፤ የሌላው አልተገኘም። በወረራው ማግሥት ግን አንድ የማያውቃቸው ወታደር በአሸዋው ላይ ሲሄድ የወደቀ መጽሐፍ ቅዱስ አገኘ። እናትየው ሬሳው ላልተገኘው ልጇ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገና የሰጠችው ነበር፤ ስሙ ተጽፎበታል። ወታደሩ በፖስታ አድርጎ፣ ልጃችሁ በዚህ ጊዜ ደኅንነቱን ጽፎላችሁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ የሚል ደብዳቤ ጨምሮ ላከላት።

ቤድፎርድ የሄድኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኮረብታው ላይ ትልቅ የመታሰቢያ ቅስት አለ፤ የ4,414ቱ ሰዎች ስም በነሐስ ተጽፏል። ከሰው ሠራሽ ዳርቻው ፊት ባለው ኩሬ ውስጥ ውሃው በየጊዜው ጥይት እንደመታው ሁሉ ቱር ቱር እያለ ይዘላል፤ አንድ ሕፃን ልጅ ሊነካው ሲሮጥ አያቱ ክንዱን ያዘው። በኖርማንዲ ደግሞ፣ ሬሳቸው ላልተገኘው 1,557 አሜሪካውያን ስማቸው የተቀረጸበት ግድግዳ አለ፤ ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ከተገኘ ከስሙ አጠገብ ትንሽ የነሐስ ጽጌረዳ ይደረግለታል። መጽሐፍ ቅዱሱ የተገኘለት ልጅ ስም እዚያ ነው።

ማታ እቤቴ ስገባ አገር ቤት ደወልኩ። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። ስለ ሁለቱ ልጆች፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ስለ ግድግዳው ነገርኳት። ስለ ጦርነቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ለመሆኑ ሴትየዋ ጎረቤት ነበራት?» አለችኝ። ነበራት፣ ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከጎረቤቶቿም ብዙዎቹ እንደዚያው ዓይነት ወረቀት ደርሷቸው ነበር አልኳት። ጥቂት ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ» ብዬ ጠራኋት። «ታዲያ ማን ማንን ያዘ?» አለችኝ።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናችኋለሁ።